የዳጉ ወግና የኮምፒዩተር ደንብ

ትምህርት ዐሥራ አንድ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፦
1. ባህል በሰው ጠባይ ላይ ያለውን ተጽዕኖ በኮምፒዩተር ለመቅረጽ ምን እንደሚያስፈልግ በራሳችሁ ቃል ታስረዳላችሁ፤
2. ሁኔታን የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮችን ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤ በንግግርና በጽሑፍም በትክክል ትጠቀሙባቸዋላችሁ፤
3. የምታውቁትን አንድ ልማድ ሳታጋንኑና ሳታሳንሱ የሚገልጽ አጭር ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ከንባቡ በፊት

ተማሪዎች፣ ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።
1. በአካባቢያችሁ አንድ አስቸኳይ ወሬ ከሰው ወደ ሰው የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? በገበያ ነውን? በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጅ ነውን? ወይስ በውኃ መቅጃ ሥፍራ?
2. ከማታውቁት ሰው የሰማችሁትን ወሬ ወዲያው ታምናላችሁን? ለማመን ወይም ላለማመን ምክንያታችሁ ምንድን ነው?

ለ. ምንባብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲዘልቅ፣ ከአዋሽ ከተማ በኋላ ገዋኔን፣ አዳይቱንና ሚሌን እያለፈ ወደ ሰመራ ይደርሳል። በዚህ ጎዳና ላይ ከባድ መኪናዎች ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ። ከጎዳናው ወጣ ብሎ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም አርብቶ አደሩ ግመሉን፣ ከብቱንና ፍየሉን እየነዳ ከግጦሽ ወደ ውኃ፣ ከውኃም ወደ ግጦሽ የሚጓዝበት መንገድ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ሸቀጥ ይጓዛል። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ ከመንጋው ጋር አብሮ የሚጓዝ አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ እርሱም ዜና ነው።

በአፋር ሕዝብ ዘንድ ይህ የዜና ልውውጥ ዳጉ ይባላል። ሁለት መንገደኞች በአዳይቱ አቅራቢያ ባለ ሜዳ ላይ ተገናኙ እንበል። ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይለያዩም፤ ቆም ብለው፣ ጊዜ ካላቸውም ተቀምጠው፣ በየተራ ይጠያየቃሉ። ዝናብ የዘነበው የት ነው? ሣሩ የበቀለው በየትኛው ወገን ነው? የታመመ ሰው አለን? የታመመ ከብትስ? በመንገድ ላይ ማን ታየ? ገበያው እንዴት ዋለ? ጠያቂው በተራው ተጠያቂ ይሆናል። የሚያውቀውን ደብቆ ማለፍ ነውር ነው። ሐሰት መንገር ደግሞ ከነውርም ያለፈ ጥፋት በመሆኑ በባህሉ ደንብ ያስቀጣል።

ሆኖም የዳጉ ወግ በመናገር ብቻ አያበቃም፤ ማመዛዘንም አለበት። አድማጩ «ይህን በዓይንህ አየኸው ወይስ ከሰው ሰማኸው? ከሰማህስ ከማን ሰማህ?» ብሎ ይጠይቃል። ያየ ሰው የነገረው ዜናና የሰማ ሰው የነገረው ዜና እኩል አይመዘንም። አድማጩ ዜናውን ተቀብሎ በተራው ለሌላ ሲያስተላልፍ የዜናውን ምንጭ አብሮ ያስተላልፋል። ስለዚህ ዳጉ እንዲሁ ወሬ አይደለም፤ የማስረዳት፣ የመጠየቅና የመመዘን ሥርዓት ያለው የመገናኛ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ወንዙ እንመለስ። አዋሽ የሚነሣው በማዕከላዊው ደጋ፣ በጊንጪ አካባቢ ነው። ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በሚገኙት ሐይቆች፣ በመጨረሻም በአቤ ሐይቅ ያልቃል። የክረምቱ ዝናብ በደጋው ሲበረታ ወንዙ ሞልቶ በቆላው ሜዳ ላይ ይፈስሳል። በቆላው ያለው ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ አይቶ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ በእርሱ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከሩቅ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስበት ይችላልና። በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. አዋሽ ከዳርቻው ወጥቶ በአፋር ክልል በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል። እርሻንና ከብትንም አጥፍቷል።

የወንዙ ፍሰት ከተለካባቸው ሥፍራዎች አንዱ አዳይቱ ነው። ውኃው በምን ያህል ከፍታ እንደመጣና በሰኮንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚፈስ በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። ይሁን እንጂ ውኃውን መለካት ብቻውን ሰውን አያድንም። «ጎርፍ እየመጣ ነው» የሚለው ቃል ከመለኪያው ሥፍራ ተነሥቶ በግጦሽ ላይ ላለው እረኛ የሚደርሰው መቼ ነው? ሲደርሰውስ ያምነዋልን? ቢያምነውስ ይነሣልን? እነዚህ ጥያቄዎች የውኃ ጥያቄዎች አይደሉም፤ የሰው ጠባይና የባህል ጥያቄዎች ናቸው።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ሲባል ጎርፍን ለሙከራ መጥራት አይቻልም፤ አይገባምም። ስለዚህ ሊቃውንት በኮምፒዩተር ውስጥ የእውነተኛውን ዓለም አምሳያ ይሠራሉ። በአምሳያው ውስጥ ሜዳ፣ ወንዝ፣ የውኃ ጉድጓድና ገበያ በቁጥር ይቀመጣሉ። በሜዳው ላይ የሚንቀሳቀሱ ምስለ ሰዎችም ይኖራሉ። እያንዳንዱ ምስለ ሰው «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚሉ ጥቂት ደንቦች ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ቀኑን እየቈጠረ፣ ምስለ ሰዎቹ እንደየደንባቸው ሲንቀሳቀሱ፣ ሲገናኙና ሲለያዩ በመጨረሻ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ይህ አሠራር ሲሙሌሽን ይባላል፤ በአማርኛ ማስመሰያ ልንለው እንችላለን።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ አጀማመር ቀላል ነበር። ቶማስ ሼሊንግ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ ሁለት ዓይነት ሰዎች በአንድ ሠፈር አብረው ሲኖሩ እያንዳንዱ ሰው ከጎረቤቶቹ ጥቂቶቹ እርሱን የሚመስሉ እንዲሆኑለት ብቻ ቢፈልግ ምን እንደሚከተል መረመረ። እንደ ዳማ ሰሌዳ ባለ መደብ ላይ ሁለት ዓይነት ጠጠሮችን ደርድሮ፣ ጎረቤቱ ያልተመቸውን ጠጠር ወደ ባዶ ቦታ ማዛወር ይህን ለማየት ይበቃል። ውጤቱ አስገራሚ ነው። ማንም ሙሉ በሙሉ መለያየትን ሳይፈልግ ጠጠሮቹ በየወገናቸው ተለያይተው ይቆማሉ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ የብዙ ሰዎች ጠባይ ድምር የእያንዳንዱን ሰው ሐሳብ ላይመስል ይችላል። ሼሊንግ እ.ኤ.አ. በ2005 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ባህልን ራሱን በአምሳያ ውስጥ ካስገቡት መካከል ደግሞ ሮበርት አክስልሮድ የተባለው አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ይገኛል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ባህልን እንደ ዝርዝር ቈጠረው። እያንዳንዱ መንደር አምስት የባህል ዘርፎች አሉት እንበል፤ ለምሳሌ ቋንቋ፣ አለባበስ፣ ምግብ፣ ሙዚቃና ሥርዓተ አምልኮ። በእያንዳንዱ ዘርፍ ዐሥር ዓይነት አማራጭ አለ። ሁለት ጎረቤት መንደሮች ይበልጥ በተመሳሰሉ ቁጥር ይበልጥ ይገናኛሉ፤ በተገናኙ ቁጥርም አንዱ ከሌላው አንድ ነገር ይወስዳል። በእንዲህ ዓይነቱ ደንብ ጎረቤቶች እየተመሳሰሉ ሲሄዱ፣ ዓለሙ በሙሉ ግን አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ላይደርስ ይችላል። ምንም የሚጋሩት ነገር የሌላቸው ጎረቤቶች ጨርሶ ስለማይገናኙ በመካከላቸው ያለው ድንበር እንደቆመ ይቀራል።

ይህ ዓይነቱ ጥናት በአገራችንም ላይ ተሠርቷል። በአሜሪካ አገር በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በመሆን ስለ ደቡብ ኦሞ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች «ኦሞላንድ» የተባለ አምሳያ ሠርቷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በአምሳያው ውስጥ ያሉት ቤተሰቦች የዝናቡን መለዋወጥ እያዩ ያርሳሉ፤ ከብት ያረባሉ፤ ኑሯቸውንም ከአየሩ ጠባይ ጋር ለማስማማት ይወስናሉ። ድርቅ በድርቅ ላይ ሲደራረብ የመቋቋም ዐቅማቸው እየደከመ አንዳንዶቹ አካባቢያቸውን ለቀው እንደሚሰደዱ፣ የገጠሩ ማኅበረሰብ ግን ችግሩን ተቋቁሞ እንደሚቀጥል አምሳያው አሳይቷል።

እስቲ እኛም ስለ አዳይቱ ሜዳ ትንሽ አምሳያ በሐሳባችን እንሥራ። የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ እንጂ በጥናት የተገኙ እንዳልሆኑ አስተውሉ። በሜዳው ላይ 100 ምስለ ሰዎች አሉ። የጎርፉን ማስጠንቀቂያ በመጀመሪያው ቀን የሰሙት 4 ብቻ ናቸው። ጎርፉ የሚደርሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

በመጀመሪያው አምሳያ ባህል የለም። ደንቡ «ማስጠንቀቂያውን የሰማ ይነሣል» የሚል ብቻ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የሚድኑት እነዚያው 4ቱ ናቸው። 96ቱ እንደ ድንጋይ ባሉበት ይቆያሉ። ይህን ውጤት ያየ ባለሥልጣን «ለእያንዳንዱ ሰው መልእክተኛ መላክ አለብን፤ ይህ ደግሞ የማይቻል ነው» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል።

በሁለተኛው አምሳያ ዳጉን እንጨምር። ደንቡ «ዜናውን የሰማ ሰው በየቀኑ ላልሰማ አንድ ሰው ይነግራል» የሚል ይሁን። ከአንድ ቀን በኋላ የሰሙት 8፣ ከሁለት ቀን በኋላ 16 ይሆናሉ። ከመጀመሪያው ውጤት በአራት እጥፍ ቢበልጥም ገና 84 ሰዎች አልሰሙም። አሁን ግን ደንቡን ሳንለውጥ የመነሻውን ቦታ ብቻ እንለውጥ። ማስጠንቀቂያው የተነገረው ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት በውኃ ጉድጓድና በገበያ ቢሆንና በመጀመሪያው ቀን 25 ሰዎች ቢሰሙት፣ በማግሥቱ 50፣ በሁለተኛው ቀን 100 ይሆናሉ። ያደረግነው ነገር ባህሉን ማወቅና ዜናውን ባህሉ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛው አምሳያ ከሁለተኛው አንድ ነገር ብቻ ይጨምራል። ዳጉ ይመዘናል ብለን ነበር። ስለዚህ ደንቡ «የዜናውን ምንጭ ካወቀ ያምናል፤ ለሌላም ይነግራል፤ ምንጩን ካላወቀ ቢሰማም አይነሣም፤ አይነግርምም» የሚል ይሁን። አሁን በድምፅ ማጉያ እየጮኸች የምታልፍ አንዲት እንግዳ መኪና 100ውንም ሰው ልታሰማ ትችላለች፤ ሆኖም የሚነሣው ጥቂቱ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ወንዙን በዓይኑ አይቶ የመጣ አንድ የታወቀ ሰው ለጥቂቶች ቢነግር ዜናው ከእርሱ ስም ጋር ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። በዚህ አምሳያ ውስጥ ያልተነሣውን ሰው «ግትር ነው» ወይም «አላዋቂ ነው» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። እርሱ ያደረገው ባህሉ ያስተማረውን ጥንቃቄ ነው። ስሕተቱ የዜናውን ምንጭ ሳይናገር ያለፈው መልእክተኛ ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ አምሳያዎች አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ባህልን ጨርሶ የማይጽፍ አምሳያ ሰውን ከድንጋይ ጋር ያስተካክላል። ነገር ግን ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ እርሱም ባህልን እንደ ብረት ሰንሰለት መቁጠር ነው። «አፋር ሁሉ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ የተጻፈ ደንብ ሰውን ከማሽን ጋር ያስተካክላል። እውነተኛው ሰው አንዳንድ ጊዜ ይቸኩላል፤ አንዳንድ ጊዜ ይታመማል፤ አንዳንድ ጊዜም ከልማዱ ውጭ ይወስናል። ውኃ ለመቅዳት የወጣች ሴትና ግመል ሊሸጥ ገበያ የወጣ ሰው የሚገናኙት ከተለያዩ ሰዎች ጋር ነው። ባህል ራሱም ባለበት አይቆምም፤ ዛሬ ዳጉ በተንቀሳቃሽ ስልክም ይነገራል።

ስለዚህ ደንቡን የሚጽፈው ሰው አስቀድሞ የባህሉን ባለቤቶች መጠየቅ፣ ሰምቶም በጥንቃቄ መጻፍ አለበት። ኮምፒዩተሩ የተጻፈለትን ብቻ ይፈጽማል፤ ያልተጻፈለትን አይጠረጥርም። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የተዘለለች አንዲት ፊደል የአንድን መንደር ዕጣ በአምሳያው ውስጥ ልትለውጥ ትችላለች። በአምሳያው ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ካለ ደግሞ ስሕተቱ በአምሳያው ውስጥ አይቀርም፤ ወደ እውነተኛው ሜዳ ይወርዳል።

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የተሰጣቸውን ፍቺ አጥኑ።
አምሳያ፦ የአንድን ነገር ዋና ዋና ጠባዮች ይዞ በትንሹ ወይም በቀላሉ የተሠራ ምሳሌ፤ ሞዴል።
ማስመሰያ፦ አምሳያው እንደ እውነተኛው ነገር ሲንቀሳቀስ የሚታይበት አሠራር፤ ሲሙሌሽን።
ምስለ ሰው፦ በአምሳያ ውስጥ የሰውን ቦታ ተክቶ በደንብ የሚንቀሳቀስ ፍጡረ ሐሳብ።
ደንብ፦ አንድ ሁኔታ ሲደርስ ምን መደረግ እንዳለበት የሚወስን ቃል።
ምንጭ፦ ሀ) ውኃ የሚፈልቅበት ቦታ፤ ለ) ዜና ወይም ነገር የተገኘበት ሰው ወይም ሥፍራ። በምንባቡ ውስጥ ያለው ፍቺ የቱ እንደሆነ አመልክቱ።

መ. ሰዋስው፦ ሁኔታን የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮች

ኮምፒዩተር የሚረዳው «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚለውን ዓይነት ቃል መሆኑን አይታችኋል። በአማርኛ እንዲህ ዓይነቱ ሐሳብ የሚገለጸው ሁለት ክፍል ባለው ዐረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሁኔታውን የሚናገረው ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ብቻውን ሊቆም አይችልም። ሁለተኛው ውጤቱን የሚናገረው ዋና ዐረፍተ ነገር ነው። የጥገኛው ግሥ በሚይዘው ባዕድ መነሻ ወይም ባዕድ መድረሻ መሠረት የሁኔታው ዓይነት ይለያያል።

1. ከ-፦ ሊሆን የሚችልን፣ የሚጠበቅንም ሁኔታ ያመለክታል።
ምሳሌ፦ እረኛው ዜናውን ከሰማ መንጋውን ወደ ከፍታ ያወጣል።

2. ቢ-፦ እርግጠኛ ያልሆነን ወይም በሐሳብ ብቻ የተያዘን ሁኔታ ያመለክታል።
ምሳሌ፦ እረኛው ዜናውን ቢሰማ መንጋውን ወደ ከፍታ ሊያወጣ ይችላል።

3. ቢ- … ኖሮ … ነበር፦ ያልሆነንና ጊዜው ያለፈበትን ሁኔታ ያመለክታል። ብዙ ጊዜ የጸጸት መንፈስ አለው።
ምሳሌ፦ እረኛው ዜናውን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ መንጋውን ወደ ከፍታ ያወጣ ነበር።

4. ካል- እና ባይ-፦ የ«ከ-» እና የ«ቢ-» አሉታዎች ናቸው።
ምሳሌ፦ ምንጩን ካላወቀ አያምንም። ምንጩን ባያውቅ ላያምን ይችላል። ምንጩን ባያውቅ ኖሮ አያምንም ነበር።

5. ቢ- … -ም፦ ሁኔታው ቢፈጸምም ውጤቱ የማይለወጥ መሆኑን ያመለክታል።
ምሳሌ፦ ዜናውን ቢሰማም አይነሣም።

በተራ ቁጥር 2 እና 5 ያሉትን ምሳሌዎች አስተያዩ። «ቢሰማ» በሚለው ግሥ መጨረሻ ላይ የተጨመረችው አንዲት «ም» ናት። ያለ እርሷ መስማት የመነሣት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከእርሷ ጋር ግን መስማት ለመነሣት እንደማይበቃ ይታወቃል። በምንባቡ መጨረሻ ስለ አንዲት ፊደል የተባለውን አሁን በግልጽ ትረዱታላችሁ። ጸሐፊው «ም»ን ከዘለላት ሦስተኛው አምሳያ ይጠፋል፤ የሚቀረው ሁለተኛው ነው።

ሁኔታን ከምክንያት ጋር አታምታቱ። «ዜናውን ስለሰማ ተነሣ» የሚለው የሆነን ነገርና ምክንያቱን ይናገራል። «ዜናውን ከሰማ ይነሣል» የሚለው ግን ገና ያልሆነን ነገር ይናገራል። የመጀመሪያው ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ደንብ ነው።

ሠ. ድርሰት፦ ልማድን በትክክል መግለጽ

ልማድን የሚገልጽ ድርሰት ስትጽፉ ሁለት ወጥመዶችን ተጠንቀቁ። አንደኛው ማጋነን ነው፤ «ሁሉ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ» የሚሉትን ቃላት ያለ ማስረጃ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ማሳነስ ነው፤ ልማዱ የተሠራበትን ምክንያት ትቶ የውጭ መልኩን ብቻ መናገር ነው። ቀጥለው ያሉትን ሁለት አንቀጾች አወዳድሩ።

አንቀጽ አንድ፦ «የገጠር ሰው ሁሉ ደቦ ይወጣል። ደቦ ሲወጣ ይበላል፤ ይጠጣል፤ ይዘፍናል። ይህ ባህላችን ነው።»

አንቀጽ ሁለት፦ «በአጨዳ ወቅት አንድ ገበሬ ደቦ ከጠራ፣ ጎረቤቶቹ ብዙውን ጊዜ ይወጡለታል፤ የደረሰው እህል ዝናብ ሳያገኘው መነሣት አለበትና። ከመካከላቸው የታመመ ወይም ኀዘን የደረሰበት ሰው ሳይወጣ ቢቀር አይነቀፍም። ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ግን በተራው ሲጠራ ረዳት ሊያጣ ይችላል።»

ሁለተኛው አንቀጽ ከመጀመሪያው የሚበልጠው በርዝመቱ አይደለም። መቼ፣ ማን፣ ለምን፣ በምን ሁኔታ የሚሉትን ጥያቄዎች ስለመለሰ ነው። ከደንቡ ውጭ የሚሆነውንም አልደበቀም። አንድ ሰው ይህን አንቀጽ ይዞ የደቦን አምሳያ በኮምፒዩተር ለመሥራት ቢፈልግ ደንቦቹን ከዐረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ሊያወጣ ይችላል። ከመጀመሪያው አንቀጽ ግን ምንም አያገኝም።

ድርሰታችሁን ስትጽፉ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ጠብቁ።
1. የልማዱን ስም፣ የሚፈጸምበትን ቦታና ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር አስተዋውቁ።
2. ልማዱን የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሽማግሌዎችን ወይም እናቶችን ጠይቁ፤ በሚለያዩበት ነገር ላይ ልዩነታቸውን ጻፉ።
3. ልማዱን «ከ-» እና «ቢ-» ባላቸው ዐረፍተ ነገሮች ዘርዝሩ።
4. ልማዱ የማይፈጸምበትን ሁኔታ አንድ አንቀጽ ስጡት።
5. ልማዱ ከቀድሞው እንዴት እንደተለወጠ በመናገር ደምድሙ።

ረ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. ዳጉ ከተራ ወሬ የሚለየው በምን በምን ነው?
2. በአዳይቱ ዝናብ ሳይዘንብ ጎርፍ ሊደርስ የሚችለው ለምንድን ነው?
3. ከሼሊንግ ጥናት የምንማረው ትምህርት ምንድን ነው?
4. በአክስልሮድ አምሳያ ጎረቤቶች እየተመሳሰሉ ሳለ ዓለሙ አንድ ዓይነት የማይሆነው ለምንድን ነው?
5. በሁለተኛው አምሳያ ውስጥ ደንቡ ሳይለወጥ ውጤቱ የተለወጠው በምን ምክንያት ነው?
6. በሦስተኛው አምሳያ ያልተነሣውን ሰው «ግትር» ማለት ስሕተት የሚሆነው ለምንድን ነው? በዚህ ትስማማላችሁን? አስተያየታችሁን በምክንያት ደግፉ።

መልመጃ ሁለት። በሁለተኛው አምሳያ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች 10 ቢሆኑ ከሁለት ቀን በኋላ ስንት ሰዎች ይሰማሉ? ከሦስት ቀን በኋላስ? መልሱን «ቢ-» ባለው ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

መልመጃ ሦስት። በቅንፍ ውስጥ ያለውን ግሥ ተስማሚ ባዕድ መነሻ ወይም መድረሻ በመጨመር አስተካክላችሁ ዐረፍተ ነገሮቹን እንደገና ጻፉ።
1. ሣሩ በሰሜኑ ወገን (በቀለ) መንጋው ወደዚያ ይሄዳል።
2. ማስጠንቀቂያው በገበያ ቀን (ተነገረ) ኖሮ ብዙ ሰው ይድን ነበር።
3. መንገደኛው (ቸኰለ) ዳጉ ሳይለዋወጥ አያልፍም።
4. የዜናውን ምንጭ (አልጠየቀ) ሐሰቱን ከእውነት ሊለይ አይችልም።
5. ስልኩ (ሠራ) ኖሮ ለወንድሙ ይደውልለት ነበር።

መልመጃ አራት። በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ያለውን ማጋነን አመልክቱ፤ «ብዙዎች»፣ «አንዳንዶች»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «አብዛኛውን ጊዜ» ከሚሉት ተስማሚውን መርጣችሁ አስተካክሉ።
1. የከተማ ልጆች ሁሉ የጎረቤቶቻቸውን ስም አያውቁም።
2. የዕድር አባላት ሁልጊዜ በቀብር ላይ ይገኛሉ።
3. አርብቶ አደር ፈጽሞ በአንድ ቦታ አይቀመጥም።

መልመጃ አምስት። ዕድርን፣ ዕቁብን፣ ደቦን፣ ዳጉን ወይም በአካባቢያችሁ የሚገኝ ሌላ ልማድ መርጣችሁ፣ ከላይ የተሰጠውን ቅደም ተከተል በመከተል ከአንድ ገጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰቱን ልማዱን ለማያውቅ አንድ የክፍል ጓደኛችሁ ስጡት። እርሱም ከድርሰቱ ብቻ ተነሥቶ «ይህ ከሆነ ይህ ይደረጋል» የሚሉ አምስት ደንቦችን ያውጣ። ከዚያም ደንቦቹን ለጠየቃችኋቸው ሽማግሌዎች ወይም እናቶች አንብቡላቸው። እነርሱ «አይደለም» ያሉት ደንብ ካለ፣ ድርሰታችሁ የተሳሳተበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ አርሙ።